የጥምቀቱን ውሃ ያሞቅኩበት ሳምንት

ከመፍረዳችሁ በፊት ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ ሰፈሬ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ሙያዬ ኤሌክትሪሺያን። ሙያዬ የምለው ወረቀቱ ስለሚል ነው። ከአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ አራት ተመርቄ፣ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘናም በአንድ ሙከራ አልፌ ነበር። እናቴ ሰርተፊኬቱን ፍሬም ውስጥ አስገብታ ቅቤ በምትሸጥበት ሱቅ ከሚዛኑ በላይ ሰቀለችው። ቅቤ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ሳይወድ በግዱ የእኔን ውጤት ያነባል።

እውነቱን ካነሳን ግን እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሁለት አምፖል፣ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያና አንድ ሶኬት በጣውላ ሰሌዳ ላይ መግጠም። ምዘናው ላይ የሚመጣው ይሄው እንደሆነ ከእኛ በፊት ከተመረቁት ጀምሮ ሲተላለፍ የመጣ ምስጢር ነው። ስለዚህ እሱኑ ስንገጥም ስንነቅል ከረምን። ዓይኔን አስራችሁ ብትሰጡኝ በሃያ ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። የቀረውን ትምህርት የተማርነው በምናብ ነው። ሞተር ስላልነበረ አሠልጣኛችን ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ "ሞተር እዚህ ጋ እንዳለ ቁጠሩት" ይለናል፤ እንቆጥራለን። መብራት የጠፋ ቀን "መብራት እንዳለ ቁጠሩት" ይለናል፤ እሱንም እንቆጥራለን። ለትብብር ሥልጠና ተብዬ የተላክሁበት ድርጅት ደግሞ ወራቱን በሙሉ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳኝ ቆይቶ "እጅግ በጣም ጥሩ" ብሎ ፈረመልኝ። ያኔ ይሄ ሁሉ ያስቀኝ ነበር እንጂ አያሳፍረኝም ነበር።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባዬ ዕድሜውን በሚኒባስ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። እናቴ ከዳውሮ መጥታ ኮልፌ ከገባች ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ የማታውቅ ጴንጤ ናት፣ ያውም ዝም የማትል። አባዬም ወደ ጉባኤው ይመጣል፣ ይዘምራል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። "ተጠመቅ" ሲባል ግን ይጠፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰበቡ አንድ ነበር። "ወገቤን ያመኛል፣ ገንዳው በረዶ ነው። ውሃውን አሙቁልኝና ዛሬውኑ እገባለሁ" ይላል፣ ማንም እንደማያሞቅለት ተማምኖ።

እናቴን በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን አላወቃትም ማለት ነው። አንድ እሑድ ምስክርነት ላይ ተነስታ ማይኩን ያዘችና "ልጄ ኤሌክትሪሺያን ናት፣ የገንዳውን ውሃ በነፃ ታሞቃለች፣ ባለቤቴም በሚቀጥለው ሳምንት ይጠመቃል!" አለች። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። አባዬ ብቻ ጫማውን እያየ ቀረ። እኔንም ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን ቤቴል ትባላለች። ድሮ ቆርቆሮ በነበረች ጊዜ መብራቷን የዘረጋው ጋሽ ደሴ የሚባል ሰው ነው። ጋሽ ደሴ የኮልፌን ግማሽ ቤት የሠራ፣ ትምህርት ቤት ግን ብዙም ያልረገጠ ሰው ነው። ሲኦሲን ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቴም በጽሑፉ ፈተና ወድቋል። የሕንፃ ኮሚቴው ታዲያ አዲስ ሕግ አወጣና "ከእንግዲህ ወረቀት የሌለው ሰው ሽቦ አይነካም" አለ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ ዓለም ባንክ ሰፈር ሕንፃ የሚያሠሩ ሰው ስለነበሩ "እሑድን በሰላም ከተወጣሽው ሰኞ መጥተሽ ሥራ ጀምሪ" አሉኝ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ሥራ የሚባል ነገር ያቀረበልኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

አርብ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። አንድ ምእመን የለገሰው ትልቅ የውሃ ማሞቂያ ብረት አለ፣ ገንዳው ውስጥ የሚንጠለጠል። የእኔ ድርሻ ኮሪደሩ ላይ ካለው ብሬከር፣ ኮረንቲውን ከሚቆርጠው፣ ወደ አዳራሹ እስከሚከፈተው የገንዳ ክፍል መስመር መሳብና ማሞቂያውን ማገናኘት ነበር። እየሠራሁ ሳለ ጋሽ ደሴ በር ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ ላግዝሽ?"

"አይ ጋሼ፣ ይሄ በስታንዳርድ ነው የሚሠራው።"

"እሺ" ብሎ ሄደ። ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ከማሞቂያው ሦስት ሽቦ ወጥቷል። ሁለቱን ልክ እንደ ሰሌዳችን አድርጌ ገጠምኩ። ሦስተኛው ወደ መሬት የሚሄደው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ነው። እሱን ኮሌጅ ውስጥ ገጥሜ አላውቅም፤ ገመዱ አይበቃም ተብሎ "እንዳለ ቁጠሩት" ከተባሉት አንዱ ነበር። እኔም ጎበዝ ተማሪ ስለሆንኩ እንዳለ ቆጠርኩት፣ ጫፉን ጠቅልዬ በቴፕ አሰርኩት። ብሬከሩን ሳነሳው ማሞቂያው ሥራ ጀመረ። እኔም ፎቶ አንስቼ ለክፍል ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ውሃው ለብ ብሎ አገኘነው። የጸሎት ቡድን እናቶች አዳራሹን እያጸዱ ነበርና እትዬ ብርቄ፣ የቡድኑ መሪ፣ ባዶ እግራቸውን ወለል ሲያጥቡ ቆይተው ወደ ገንዳው መጡ። "እስቲ የልጃችንን ሥራ እንይ" ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ወዲያው መልሰው ወደ ላይ ወረወሩት።

"ጌታ ሆይ! ነዘረኝ! ክንዴን ይዞ ነዘረኝ! ሃሌ ሉያ!"

"ምንድነው እትዬ?"

"ኃይል ነው ልጄ! መንፈስ ቅዱስ ውሃው ላይ ወርዷል! ነይ ዳስሺ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። እናቶቹ ተሰለፉ። አንዷ እጇን ሰድዳ ትጮሃለች፣ ቀጣይዋ ታለቅሳለች፣ ሦስተኛዋ በልሳን መጸለይ ትጀምራለች። አንዲት ሴትዮ ግን ወፍራም የፕላስቲክ ጫማ አድርገው ስለነበር ምንም አልተሰማቸውም። "ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው እኔን ያለፈኝ?" እያሉ ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሱ ጀመር። እናቴ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። ዳሰሰች፣ ነዘራት፣ ፊቷ በእንባ ታጠበ።

"ነገ አባትሽ እዚህ ውስጥ ይገባል" አለችኝ አንገቴን አቅፋ። "አሥራ አንድ ዓመት ጸለይኩ። ጌታ ደግሞ በልጄ እጅ መለሰልኝ።"

እኔም ዳሰስኩት። ከጣቴ ተነስቶ እስከ ክርኔ ውርር አለኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል አመንኩ። ማመኑ ይመቸኝ ነበራ! ደረጃ አራት ነኝ፣ መንፈስ ቅዱስ ሥራዬን ሊመርቅ መጣ፣ ሰኞ ዓለም ባንክ ሥራ እጀምራለሁ። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ሰዉ ሲበተን ግን አንድ ጥርጣሬ ገባኝ። ኮሪደር ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩትና ተመልሼ ውሃውን ዳሰስኩ። ምንም የለም። ሄጄ አነሳሁት፣ ተመልሼ ዳሰስኩ። ነዘረኝ። እንደገና አወረድኩት፤ የለም። በኮሪደሩ ስመላለስ ላብ አጠመቀኝ። ስለ መንፈስ ቅዱስ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፣ በብሬከር እንደሚዘጋ ግን አንድም ሰባኪ ነግሮኝ አያውቅም።

የገንዳው ክፍል ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ለእጅ ይህን ያህል ከነዘረ፣ አንገቱ ድረስ ለሚሰምጥ ሰው ምን ያደርጋል? የአባዬ ልብ ደግሞ ከድሮም ደህና አይደለም። ሽቦውን ሁሉ ፈትቼ እንደገና ገጠምኩት። ልክ እንደ ሰሌዳው ነው፣ ምንም ስህተት አይታየኝም። ቴሌግራም ላይ ለሃያ ሁለት የክፍል ጓደኞቼ "ማሞቂያ ውሃ ውስጥ ኮረንቲ እያስተላለፈ ነው፣ ምን ላድርግ?" ብዬ ጻፍኩ። ሁላችንም የብቃት ማረጋገጫ ያለን ሰዎች ነን። አንዱ "ጎግል አድርጊ" አለኝ። ጁስ ቤት የምትሠራው "የኔ ቆንጆ በርቺ" ብላ ልብ ላከችልኝ። አሠልጣኛችን ስልክ አላነሳም።

ጋሽ ደሴን መጥራት እንደነበረብኝ አውቃለሁ፣ አትጩኹብኝ። ከትናንትናው "በስታንዳርድ" በኋላ ግን በየት አፌ? ስለዚህ ብልጠት ያልኩትን አሰብኩ። ሰው በማይኖርበት ሰዓት ውሃው ይሙቅ፣ ክፍሉን ልቆልፈው፣ ነገ ጥምቀቱ ከመጀመሩ በፊት ብሬከሩን ላውርደው። ማንም አያውቅም፣ አባዬም ይጠመቃል፣ ሥራውም ይገኛል። እንደዚያ ብዬ ክፍሉን ቆለፍኩ፣ ብሬከሩን አንስቼ ወጣሁ።

እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወሬው ሌሊቱን ኮልፌን ሙሉ ዞሮ ነበር። ከአየር ጤና ድረስ "ኃይሉን ሊዳስስ" የመጣ ሰው ነበር። ዝማሬው ሲያልቅ ቀስ ብዬ ወጥቼ ብሬከሩን አወረድኩና ተመልሼ ከገንዳው ጎን ቆምኩ። ዘጠኝ ተጠማቂዎች ነጭ ልብስ ለብሰው ተሰልፈዋል። የመጀመሪያው አባዬ ነው። ነጩ ቀሚስ አጥሮት ቅልጥሙ ይታያል፣ ፊቱ ደግሞ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ፊት ነበር።

ፓስተር ይልማ እትዬ ብርቄን ምስክርነት ጠየቋቸው። እሳቸውም "እዩ!" ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። አውጥተው አዩት። እንደገና ከተቱ።

"የለም" አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። "ኃይሉ ሄዷል። መሀላችን አንድ ኃጢአቱን የደበቀ ሰው አለ።"

ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ፤ ምክንያቱም ሴትዮዋ ስለ ኃይሉ ቢሳሳቱም ስለ ደበቀው ሰው ልክ ነበሩ። ፓስተሩ "እንጸልይ" አሉና ጉባኤው በአንድ አፍ ጮኸ። ጸሎቱ አልቆ አባዬ ወደ መጀመሪያዋ ደረጃ ሲቃረብ የጉባኤው አስተናጋጅ ኤርሚያስ በጆሮዬ ሹክ አለኝ።

"አይዞሽ እህቴ፣ ብሬከሩ ወርዶ አግኝቼው አነሳሁት። ውሃው ሊቀዘቅዝብን ነበር እኮ!"

ኮሪደሩ ሃያ እርምጃ ነው። የአባዬ እግር ደግሞ ከውሃው አንድ ስንዝር። አንድ እጁ ወደ ብረቱ መደገፊያ ተዘርግቷል።

"አባዬ አትግባ!" ብዬ ጮህኩ። "አትንካው! ምንም አትንካ!"

አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ። እናቴ "በኢየሱስ ስም!" አለች፣ ጋኔን የያዘኝ መስሏት።

"ትናንት የነዘራችሁ መንፈስ ቅዱስ አይደለም! እኔ ነኝ! ኮረንቲ ነው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እንዴት እንደሚስተካከልም አላውቅም!"

"አላውቅም" የሚለውን ቃል በሙያዬ ላይ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ፓስተሩ አላመኑኝም፣ "ጠላት ሥራውን ሊያደናቅፍ ነው" ሲሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ ጋሽ ደሴ ከኋላ ወንበር ተነሳ። ከሱፉ የደረት ኪስ፣ ሌላው ሰው እስክሪብቶ ከሚይዝበት ቦታ፣ የኮረንቲ ቴስተር አወጣ። አባዬን በቀስታ ወደ ኋላ ሳበውና ጫፉን የብረቱ መደገፊያ ላይ አደረገው። የቴስተሩ ትንሽ መብራት ቦግ አለች። ከፍ አድርጎ ለፓስተሩ አሳየ፣ ለሽማግሌዎቹ አሳየ፣ በመጨረሻ ለእትዬ ብርቄ አሳየ። ማንም "አሜን" አላለም። ኤርሚያስን "ሂድ አውርደው፣ እዚያው ቆመህ ጠብቅ፣ ማንም እንዳያነሳው" አለውና ወደ እኔ ዞረ።

"የመሬቱ ሽቦ የታለ?"

"እንዳለ ቆጥሬው ነው ጋሼ።"

"ማን ነው እንደዚያ ያስተማረሽ?"

"ኮሌጅ።"

"ታዲያ ኮሌጁ ይግባበታ!" አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግማሹ ጉባኤ። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። የዓለም ባንኩ ሽማግሌ ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። ጋሽ ደሴ ማሞቂያውን ነቅሎ ከውሃው አወጣው፣ መደገፊያውን እንደገና ፈተሸ። ከዚያ ቀልዱን ትቶ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረኝ።

"እኔ ሠርቼ ስጨርስ ባለቤቱን አልጠራም። መጀመሪያ የራሴን እጅ ነው የምሰደው። አሁን ውሃው ደህና ነው፣ እኔ ነገርኩሽ። ግን አባትሽ የሚሰማው የእኔን ቃል አይደለም።"

ገባኝ። ጫማዬን አውልቄ ከነቀሚሴ ወረድኩ። አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ወገቤ ድረስ ገባሁና መደገፊያውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ለብ ያለ ውሃ ብቻ ነበር። አባዬን ቀና ብዬ አየሁት። ያለ ምንም ጥርጥር "ዛሬም ይለፈኝ" ብሎ ቢሄድ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

እሱ ግን ደረጃውን ወርዶ መጣ። ፓስተር ይልማ አጠገቤ አጠመቁት። ከውሃው ሲወጣ ከመጠን በላይ አለቀሰ፤ እኔ ውሃ የዋጠ መስሎኝ ጀርባውን መታሁት።

እናቴ ከሴቶቹ ጋር ቀድማ ሄደች፣ ሳታናግረኝ። እኔና አባዬ ፀጉራችን እንደረጠበ ታክሲ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ቁልቁለቱን ስንይዝ አባዬ በመስኮት እያየ ማውራት ጀመረ።

"መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ጊዜ አሠልጣኛችን ሜዳ ላይ ብቻ ነበር ያስነዳን። ዳገት፣ ቁልቁለት የሚባል አላየሁም። ወረቀቱን ሰጡኝ። በሳምንቴ እዚች ቁልቁለት ላይ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። በማርሽ መያዝ እንዳለብኝ አላውቅም፣ ፍሬኑን ረግጬ ረግጬ አቃጠልኩት።"

"እና?"

"አንዲት ሴትዮ ፌርማታ ላይ ቆማ ነበር። እግሯ ተሰበረ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ 'ፍሬኑ እምቢ አለኝ' አልኩ። መኪናው ነው አልኩ። ሁሉም አመነኝ፣ እናትሽም ጭምር። እኔ ነኝ ያላወቅኩት አላልኩም።"

አባዬ ከፊታችን ወዳለው ፌርማታ በአገጩ አመለከተ።

"አሁንም እዚያው ድንች ትሸጣለች፣ እያነከሰች። በዚህ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደዚያኛው መስኮት አዞራለሁ። ይሄን ይዤ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ውሃ እገባ ነበር?" አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። "አንቺ ዛሬ ያን ሁሉ ሰው ፊት ተናገርሽ። የኔ ልጅ ተናገረች።"

ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ወራጅ አለ!" አለ።

ረዳቱ በሩን ከፈተለት። አባዬ በእርጥብ ፀጉሩ ወርዶ መንገዱን ሲሻገር በኋላው መስኮት አየሁት። ድንች ሻጯን ምን እንዳላት፣ እሷም ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ማምሻውን ዓይኑ አብጦ፣ ከቤታችን አቅም በላይ የሆነ ድንች ተሸክሞ ገባ። ለእናቴ ግን ያን ምሽት ሁሉንም ነገራት።

እንግዲህ ስለ እኔ። ሥራው አልተገኘም። እናቴ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ከለከለችኝ፤ ሰርተፊኬቱንም ከሱቁ አውርዳ ቦታው ላይ የቅቤ ዋጋ ለጠፈች። እኔም ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደሴ ቤት ሄጄ "ጋሼ፣ አስተምሩኝ" አልኩ። ወረቀት የለሹ ሰውዬ ወረቀት ያላትን ልጅ ከሀ ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ እንደገና አስተማረ። እኔ ደግሞ ለጽሑፉ ፈተና አስጠናዋለሁ፤ ሰነፍ ተማሪ ነው፣ ነገር ግን አምፖል እየሰቀለ ካስጠናሁት ይገባዋል።

ይህን የጻፍኩት ኮሌጆችን ልሰድብ አይደለም። ከእኔ ጋር የተማሩ፣ ደህና ቦታ ለሥልጠና የደረሳቸው ጎበዞች አሉ። ግን እናንተ ከኮሌጅ የወጣችሁ፣ ወይም ልጃችሁን ያስመረቃችሁ፣ ሰርተፊኬቱን ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቁ፦ በዚህ እጅ የተሠራ ነገር ውስጥ ሰው ገብቶበት ያውቃል? መልሱ "አያውቅም" ከሆነ ገና ትምህርቱ አልተጀመረም። አሳፋሪም አይደለም። አሳፋሪው እኔ ቅዳሜ ያደረግኩት ነው።

ዛሬ ኮልፌ ውስጥ በራሴ ስም እሠራለሁ። የማላውቀው ሥራ ሲመጣ ባለቤቱን ዓይን ዓይኑን እያየሁ "ይሄን አላውቀውም፣ የሚያውቅ ሰው ይዤ ልምጣ" እላለሁ። ይህን ሰምተው ጥለውኝ የሄዱ ደንበኞች ጥቂት አይደሉም። የቀሩት ግን ሁሉም በሕይወት አሉ።